ኤልጌ የበላችበት እጅ

ኦምሪና በሙሽርነት ቤታችን የገባች ዕለት ጉያዋ ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። እናቴ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለምና ሙሽሪት ገና ውሾች ከሚጎትቱት ሸርተቴ ሳትወርድ አየችው። «ይቺ ልጅ ሆዷን ይዛ ነው እንዴ የመጣችው?» አለች፣ ሰው እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ኦምሪና የካባዋን አንገት ላላ አደረገችና ጭብጥ የማትሞላ ቡችላ አወጣች። ዓይኗ እንኳ ገና አልተከፈተም።

«እናቷ ሞታባት ነው» አለች። «ካልሞቀች አታድርም።»

ለአማቷ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። እኔ የሙሽራው የኤቱውጊ ታላቅ እህት ነኝ፤ ስሜ ቲነኔ ይባላል። በሰሜን፣ በበረዶው ባሕር ዳር ባለችው መንደራችን በኤንማይ ምላሴን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰማንያ ዓመት አልፎኝም ገና አልዶለዶመም። «ወንድሜ በአንድ ቀን ሁለት ሚስት አገባ፤ አንደኛዋ ጭራ አላት» ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ቀልዱ የባሕሩን ዳር ተከትሎ ሄዶ ሳምንት ሳይሞላው ከሌላ መንደር ሰው አፍ ተመልሶ መጣልኝ። ያኔ ኮርቼ ነበር።

ኦምሪና ስለራሷ አታወራም ነበር። ዕድሜ ልኳን የተናገረችው ቢሰበሰብ አንድ ከረጢት አይሞላም። ስለዚህ እኔ ልናገርላት። ከእኔ በላይ የበደላት ሰው የለም፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ከእኔ በላይ የሚያውቃት የሌለው።

በእኛ ዘንድ ውሻ የሚነዳው ወንድ ነው፤ የሚያሳድገው ግን ሴት ናት። የትኛው ቡችላ እንደሚቀር፣ የትኛው ለጎረቤት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ከፊት እንደሚታሰር የምትቆርጠው ሴቲቱ ናት። እኔም ብዙ አሳድጌአለሁ። አበላለሁ፣ ከልጆች ጋር በአጋዘን ቆዳው ጓዳ ውስጥ አስተኛለሁ፣ ጥርስ ሲያበቅሉ ለወንዶቹ አስረክባለሁ፣ አለቀ። የኦምሪና ግን ሌላ ነበር። አዲስ ውሻ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ቆማ አታውቅም። ጎኗን ሰጥታ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ሌላ ቦታ እያየች አንድ ሁለቴ ታዛጋለች። ውሻው ራሱ መጥቶ እስኪያሸታት ድረስ ግማሽ ቀን ቢፈጅም ከተቀመጠችበት አትነሳም።

«እንቅልፍ የማትጠግብ ምራት አመጣልኝ» ትል ነበር እናቴ።

«አይ እማዬ» አለቻት አንድ ቀን ኦምሪና፣ በጣም ቀስ ብላ። «ውሻ በመጀመሪያ በአፍንጫው ነው ሰው የሚያውቀው፣ ቀጥሎ በጆሮው። ዓይኑ መጨረሻ ነው። ሳያውቀኝ ዓይኑ ውስጥ ከገባሁ ጠላቱ ነኝ። ሳዛጋ ግን ይህቺ ሰው ክፉ አላሰበችም ይላል።»

«እኔ ላይ ግን አዛግተሽ አታውቂም» አለች እናቴ። ያን ቀን ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቀልዱን ተወችው፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

ቡችላዋን ኤልጌ አለቻት፣ ነጯ ማለት ነው። ከቀኝ የፊት እግሯ በቀር ነጭ ነገር አልነበራትም፤ ሌላው ግራጫ ነው። የዋልረስ፣ የዚያን ባለ ረጅም ጥርስ የባሕር አውሬ፣ ሥጋ አኝካ፣ ምራቋን ቀላቅላ፣ በጣቷ እያጎረሰች አሳደገቻት። ስታድግም ትንሽ ሆና ቀረች። ከሩጫ ስትመለስ በጣቶቿ መሃል የተጋገረውን በረዶ ኦምሪና በጥርሷ እየነቀሰች ታወጣላት ነበር፤ በጣት ከተሳበ ቆዳው ይላጣል፣ በእሳት ከቀረበም ይቆስላል። ከዚያ መዳፏን ስብ ቀብታ ለነገ የቆዳ ጫማ ትሰፋላታለች። ኦምሪና በሠላሳ ዓመቷ የፊት ጥርሶቿ ግማሽ ሆነው ነበር።

ወንድሜ መጀመሪያ ላይ አላመነባትም። «ይህቺ ናት አቆስጣ የምትጎትትልኝ?» አለ። አቆስጣ ከበረዶው ቀዳዳ ለመተንፈስ ብቅ ሲል የምናድነው የባሕር እንስሳ ነው፤ አንዱ ከሰው ይከብዳል። «አቆስጣው ይጎትታታል እንጂ።»

«ለመጎተት አይደለም የምሰጥህ» አለችው ኦምሪና። «በረዶውን እንድታነብልህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ቆማ ወደ ኋላ ካየችህ ፈርታ አይደለም፤ ተከተለኝ ማለቷ ነው። አትጩህባት፣ አትከራከራት። ተከተላት።»

በዚያው ክረምት ጭጋግ ባሕሩ ላይ ያዘው። ምንም አይታይም፣ ነፋሱም የለም። ኤቱውጊ ቤት በዚህ ነው ብሎ ይነዳል፣ ኤልጌ አልሄድም ብላ ትቆማለች፣ ዞራ ታየዋለች። ሰደባት፣ ገፋት፣ በመጨረሻ ደከመውና ተከተላት። ቀኑን ሙሉ ተጉዛ ደጃችን ላይ አመጣችው። በማግስቱ ጭጋጉ ሲገፈፍ እሱ ሊሄድ በፈለገበት በኩል ውሃው ጥቁር ሆኖ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ እሷ በረዶ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

«ቤቴን ሁለት ሴቶች ያዙብኝ» ይል ነበር ለወንዶቹ፣ እየሳቀ። «ሁለቱም አይናገሩም፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።»

እኔ ግን ቀናሁ። ምን ይደበቃል። ኤቱውጊን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ደግሞ እናቱም እህቱም እኔ ነበርኩ። ባሌ ቀደም ብሎ ሞቶ ልጅም ስላልተረፈኝ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ከአደን ሲመለስ ግን ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሚስቱ ነው፣ የሚስቱ ዓይን ደግሞ ወደ ውሻዋ መዳፍ። ኡንፔ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ለሕፃኗ ስል ጭቅጭቄን ቀነስኩ እንጂ ልቤስ እንደ ነበረ ነበር።

ያ ነገር የሆነው ፀሐይ ከተመለሰች በኋላ፣ ኡንፔ ሁለት ዓመት በሞላት ክረምት ነው። ኤቱውጊ በጠዋት ኤልጌን ብቻ ይዞ አቆስጣ ሊያድን ወደ ባሕሩ በረዶ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ከምድር በኩል ተነሳ። የባሕር ዳር ሰው ይህን በረዶ የሚገነጥል ነፋስ ሲሰማ የያዘውን ጥሎ ወደ ዳር ይወጣል። እኛ ስንደርስ በረዶው ተገንጥሎ፣ በእኛና በእሱ መሃል ያለው ውሃ ይጨስ ነበር። ሰው አይታይም። ኦምሪና ውሃው ጫፍ ድረስ ሄዳ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ዞሮ በረዶውን መልሶ ከዳሩ ጋር አጣበቀው። ወንዶቹ ሁለት ቀን ፈለጉ። በረዶው ተሰባብሮና ተደራርቦ ያለ መሪ ውሻ መንገድ የማይገኝበት ነበር፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ኤልጌ መጣች።

እዚህ ላይ የምንፈራውን ነገር መናገር አለብኝ። ባሕር የወሰደው ሰው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ያ ሰው የሄደው ሰው አይደለም ብለን ነው ያደግነው። መልኩ የእሱ ነው፣ ድምፁ የእሱ ነው፣ ውስጡን ግን ባሕር ይዞታል። ቴርኪ እንለዋለን። ቴርኪ ቤት ከገባ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት ሕፃናቱን፣ ወደ ባሕር ይስባል። አይነኩትም፣ ከእጁ አይበሉም፣ አይከተሉትም፤ በድንጋይ ይባረራል። አሁን የከተማ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። እኛ ከየቤታችን አብዛኛውን ሰው ለባሕር የሰጠን ሰዎች ነን፤ ባሕሩን ካልፈራን ምን እንፍራ?

ኤልጌ ከባሕሩ ዳር ቆማ ነበር። ጠጉሯ በሙሉ በረዶ ለብሷል፣ የደረቷ ጠፍር አሁንም ላይዋ ላይ ነው። ወደ ቤታችን ጥቂት ራመደች፣ ቆመች፣ ዞራ ወደ በረዶው ሄደች፣ ከዚያ አንገቷን አዙራ ወደ እኛ አየች። እንደገና መጣች፣ እንደገና ሄደች፣ እንደገና አየች።

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ያያት ነበር። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ቴርኪ ናት» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን ማን ይመልሰው። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

ኦምሪና ወደ ሽማግሌያችን ወደ ኑተጊን ዞረች። «አባባ» አለችው፣ «እየጠራችኝ ነው። አውቃታለሁ፣ ተከተሉኝ እያለች ነው።»

ኑተጊን ጆሮው ደከም ያለ፣ ነገር የማይቸኩል ሰው ነበር። «ለሰው ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። «ለውሻ ሲባል አልሰማሁም። ያልሰማሁትን አልፈርድም።»

«ከወንድሜ ጋር አብራ አልሄደችም?» አልኩ። «ባሕሩ እሱን በልቶ እሷን ብቻ ለምን መለሰ? አያችኋት፣ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል፤ ባሕሩ መልሶ እየጠራት ነው። ቴርኪ ካልሆነች ለምን ወደ ቤቷ አትገባም?»

ይህን ስል እውነት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ይህን እምላለሁ። ግን ከእውነቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ወንድሜ ሞቶ ያቺ ውሻ በሕይወት መመለሷ አንጀቴን አቃጠለው።

«ሦስት ቀን ትቆይ» አለ ኑተጊን በመጨረሻ። «የባሕር ከሆነች ወደ ባሕሯ ትሄዳለች። የኛ ከሆነች ትቀራለች። እስከዚያ ማንም አይንካት፣ ማንም አይከተላት።»

ኦምሪና ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚህ መሃል ኡንፔ ከቤት አምልጣ «ኤልጌ! ኤልጌ!» እያለች ቁልቁል ሮጠች። ውሻዋም ልጅቷን ስታይ ወደ ላይ መጣች፣ ጭራዋን እያወዛወዘች። ልጅቷን በአየር ላይ ቀለብኳት። ከመሬት ድንጋይ አነሳሁና ኦምሪና እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«ባሕሩ ባልሽን ወስዷል» አልኳት። «ልጅሽንም ልትሰጪው ነው? እናት ከሆንሽ ወርውሪ።»

ኦምሪና ድንጋዩን አየችው። ልጅቷን አየች። ከዚያ ወረወረች። ኤልጌን የጎድን አጥንቷ ላይ አገኛት። ውሻዋ አልሸሸችም፣ አልጮኸችም፤ እዚያው ተቀመጠችና ኦምሪናን አየቻት።

ሦስት ቀን። በእነዚያ ሦስት ቀናት ኤልጌ ወደ በረዶው መሄዷንና መመለሷን አልተወችም፤ እየቆየ ግን መንገዷ አጠረ፣ እርምጃዋ ዘገየ። በሄደች ቁጥር እኔ «አያችሁ?» እላለሁ፣ ሰውም አንገቱን ይነቀንቃል። ኦምሪና ጓዳ ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ፣ ኡንፔን እቅፏ ውስጥ ይዛ፣ አልበላችም። ውሻዋ ስታለቅስ ይሰማል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ብትወጣ ላስቀራት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማልቀሱ ቆመ። ኦምሪና ተነሳች፣ ልጅቷን ጭኔ ላይ አኖረችልኝ።

«ያዢልኝ» አለች። «ባሕር የሚገባ ከሆነ እኔ ውስጥ ይግባ። ከገባብኝ ወደዚህ ቤት አልመለስም።»

የሷን ዓይን አይቼ መከልከል አልቻልኩም። ልጅቷን አዝዬ በርቀት ተከተልኳት። ኤልጌ አመዳይ አልብሷት ተጋድማ ነበር። ኦምሪና ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጎኗን ሰጠች፣ አዛጋች። ውሻዋ አላየቻትም። ኦምሪና በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ቀረበች። ያን ጊዜ ኤልጌ ከንፈሯን ሰብስባ ጥርሷን አሳየቻት። በስድስት ዓመት ውስጥ አድርጋው አታውቅም። ኦምሪና እጇን አልሳበችም፤ ነከሰቻት፣ ደሟ አመዳዩ ላይ ፈሰሰ፣ እሷ ግን ጠፍሩን መፍታት ቀጠለች።

ከኤልጌ ሆድ በታች፣ በጠጉሯ መሃል፣ በረዶ የሸፈነው አንድ ነገር ታስሮ ነበር። የኤቱውጊ የግራ እጅ ጓንት ነበር። ቋጠሮው የሱ ነው፤ ማንም ሰው ሁለቴ ጠምዝዞ ወደ ውስጥ እንደዚያ አያስርም። ኦምሪና ጓንቱን ገለበጠችው። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጠጠር መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

ያ ጠጠር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በበጋ የወፍ እንቁላል የምንለቅምበት፣ ከመንደሩ በጠራ ቀን ብቻ የሚታይ ደሴት። ኤቱውጊን በረዶው ወስዶ እዚያ ጥሎታል። መራመድ ስላልቻለ ውሻዋን ልኳል። በስድስተኛው ቀን በሕይወት ነበር፤ በሰባተኛው፣ በስምንተኛውም ይጠብቅ ነበር። እኛ ቆመን ያቺን ውሻ ወደ ዳሩ ስትመላለስ ስናይ፣ በረዶው ከእኛ እስከ ደሴቱ የተጣበቀ ነበር፤ ኤልጌን የተከተለ ሰው በእግሩ ይሻገር ነበር።

ኦምሪና ጠጠሩን ለኑተጊን አሳየችው። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሌሎች ግን «ሮጠሽ ባሕሩ ድረስ ሄደሽ ስሙን ጠራሽ» ይሉኛል።

የዚያኑ ዕለት ነፋሱ እንደገና ከምድር ተነሳ። ወንዶቹ የቆዳ ጀልባውን ተሸክመው ዳር ሲደርሱ በረዶው እየተሰነጠቀ ነው፤ ለጀልባ አይከፈትም፣ ለእግርም አይጸናም። አንድ ቀን ተኩል ቆመን ጠበቅን። ውሃው ሲከፈት አራት ወንዶች፣ ኑተጊንና ኦምሪና ገቡ። እኔም ገባሁ። ማንም ግቢ አላለኝም፣ ማንም ውጪ አላለኝም።

ከትልቅ ድንጋይ ሥር ተደግፎ ተቀምጦ አገኘነው፤ ፊቱ ወደ መንደሩ ነው። የተሰበረ እግሩን በአንካሴው እንጨት ደግፎ በጠፍር አስሮታል። የአቆስጣው ቅሪት አጠገቡ አለ፤ ባሕር የጣለው እንጨት ለቃቅሞ እሳት ያነድ ነበር። ኦምሪና ሄዳ ጭንቅላቱን አቀፈች። ኑተጊን እሳቱ ጋ ተንበረከከ፣ ድንጋዮቹን ገለል አድርጎ እጁን አመዱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ተንበርክኬ እጄን ከተትኩ። ከሥሩ ሞቅ ይል ነበር።

«እስከ ትናንት በሕይወት ነበር» አለ ሽማግሌው።

ሰው አልወቀሰኝም። እንዲወቅሱኝ ፈልጌ ነበር፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ «እኔ ነኝ ያልኩት» እላለሁ፣ እነሱ ደግሞ «ሕጉ ነው፣ ማን ያውቃል፣ ሁላችንም ነበርን» ይሉኛል። ኑተጊን በዚያው ዓመት ሞተ። ከመሞቱ በፊት አስጠርቶኝ፣ «አንድ ነገር አስቤ እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ። «ውሻዋ ሳትሆን እሱ ራሱ እየዳኸ ቢመጣ ኖሮ ምን እናደርግ ነበር?» ጥያቄውን እስከ ዛሬ ራቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

ከዚያ በኋላ ጠቅልዬ ኦምሪና ቤት ገባሁ። አልጠራችኝም፣ አላባረረችኝም፤ ኩራዙ አጠገብ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልጅቷን አብረን አሳደግን። ቁስሏ የዳነላት ኤልጌም ቤት ነበረች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ኤልጌ ግን ከኦምሪና እጅ እህል አልቀምስም አለች።

መጀመሪያ ሕመም መሰለን። ኦምሪና ሥጋውን ስታቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። መሬት ላይ አስቀምጣ ብትሄድ እንኳ፣ የኦምሪና እጅ የነካውን አሽትታ ትተወዋለች። ኡንፔ ስትሰጣት ትበላለች። እኔ ስሰጣት ትበላለች። ያን ቃል ያወጣሁት፣ ድንጋዩን ያነሳሁት፣ ሦስት ቀን በር ላይ የቆምኩት እኔ፤ ከእኔ እጅ ትበላለች፣ ጣቴን ትልሳለች፣ ሌሊት እግሬ ሥር ትተኛለች። ውሻ ምን ያውቃል፤ ያየችው የወረወረውን ክንድ ነው።

ልንገራት፣ ላስረዳት እንዴት አድርጌ? ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ወድቄ «እኔ ነኝ» እለው ነበር።

በሌላው ሁሉ ኤልጌ አልከፋችም። ጠፍር ሲያስሯት ትቆማለች፣ ከፊት ትሄዳለች፣ የኦምሪናን ቡችሎች ታስተምራለች። ኦምሪናም ውሻ ማሳደጓን አልተወችም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ነው ስሟ የገነነው። ከሩቅ መንደር እየመጡ ቡችላ ይለምኗታል። ለሰጠችው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ትነግረዋለች፤ «ቆማ ወደ ኋላ ካየችህ ተከተላት። ማንም ምንም ቢልህ ተከተላት።» ሌላ ምክር የላትም። ሰዎቹ ብዙ ጥበብ ጠብቀው መጥተው በዚያች ብቻ ይመለሳሉ።

በየቀኑ የኤልጌን ምግብ እኔ ነበርኩ የምሰጠው። ኡንፔ አዳሪ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ ደግሞ እኔ ብቻ ሆንኩ። ኦምሪና አጠገቤ ቆማ ትነግረኛለች፤ ይህን አለስልሺው፣ ስቡን ጨምሪ፣ ዛሬ ግራ ጎኗን እያመማት ነው። እሷ እጇን አትዘረጋም፤ ኤልጌ እኔ በማቀብላት ትኖራለች። ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ።

በስምንተኛው ክረምት ኤልጌ ታወረች። ዓይኗ ነጣ፣ ጆሮዋም ደከመ፣ ቀኑን ሙሉ በሩ አጠገብ ትተኛለች። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ኦምሪና ከኤልጌ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የኔን ካባ ለብሳለች። እጇን በእኔ አሮጌ ጓንት ጠቅልላ፣ በጣቷ ሳይሆን በጓንቱ ጫፍ፣ የአቆስጣ ጉበት ቁራጭ ዘርግታለች። ትንፋሿን ይዛለች።

ኤልጌ አንገቷን ቀና አደረገች። ካባውን አሸተተች፣ ጭራዋ አንዴ መሬቱን መታ። ወደ ጓንቱ አፍንጫዋን አስጠጋች። ቆየች። ከዚያ ከጓንቱ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ አንገት ሥር እያሸተተች ወጣች፣ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን ቀስ አድርጋ አዞረችና ጭንቅላቷን መሬት ላይ አኖረች።

የያዝኩት ውሃ ከእጄ ወደቀ። ኦምሪና ሰምታኝ ዞረች፤ ስትሰርቅ የተያዘች ይመስል አፈረች።

«ድንጋዩን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ አልኩት፤ ለመንደሩ ሁሉ ተናግሬ ለእሷ ብቻ ነው ያልተናገርኩት። «ቃሉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። መጥላት የነበረባት እኔን ነው፣ አንቺን አይደለም።»

ኦምሪና ካባዬን አወለቀች፣ አራገፈችው፣ አጥፋ ሰጠችኝ።

«አንቺ አታውቂያትም ነበር» አለች። «እኔ አውቃት ነበር።»

ከዚያ ጉበቱን በሌላ ሳህን ቀይራ፣ እጇ ሳይነካው፣ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ተቀምጬ ለኤልጌ ሰጠኋት። ከእጄ በላች።